ጋሽ መሐመድሁሴን መስመር ያለፉበት ቀን

ልጁን ስፖርት ያስመዘገበ ቤተሰብ ሁሉ፣ ሳያውቀው አንድ አሰልጣኝ እቤቱ አስገብቷል። ክለቡ የመደበውን ማለቴ አይደለም። እሱማ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳ መሃል ይቆማል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ የምለው ሌላኛውን ነው፤ ማንም ያልሾመውን፣ ስለዚህም ማንም ሊሽረው የማይችለውን፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አጥሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የበለጠ የሚያውቀውን አባት። እግር ኳስ ሜዳ ዳር አይታችሁታል። መዋኛ ገንዳ ዳር ሱሪውን ሰብስቦ ሲሯሯጥ አይታችሁታል። የቼዝ ውድድር ላይ እንኳ፣ ትንፍሽ በማይባልበት አዳራሽ፣ በቅንድቡ ፈረስ ሊያንቀሳቅስ ሲሞክር አይታችሁታል።

እኔ ደግሞ የዘሩን አውራ አውቃለሁ። ክቡር ጋሽ መሐመድሁሴን ይባላሉ። ትውልዳቸው ኮምቦልቻ፣ መኖሪያቸው ከዙሪክ አፍንጫ ሥር ሽሊረን፣ እኔ ካለሁበት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ። ሥራቸው ዲቲኮን ከሚገኝ ትልቅ መጋዘን ፎርክሊፍት መንዳት ነው። ከዚህ ሌላ፣ በገዛ ፈቃዳቸው፣ የመላው ዙሪክና አካባቢው የቤዝቦል የበላይ ጠባቂ ናቸው።

አዎ፣ ቤዝቦል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቤዝቦል መኖሩን አብዛኞቹ ስዊዞችም አያውቁም። አለ። በየከተማው አንዳንድ ትንንሽ ክለብ አለ፣ ልጆቹ በበጋ ይጫወታሉ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ደግሞ የጥሎ ማለፍ ውድድር ይገጥማሉ። ወላጆቻቸውም ብርድ ልብስ ተከናንበው ያያሉ።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የጋሽ መሐመድሁሴን ልጅ ያስሚን ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በትምህርት ቤቷ የስፖርት ቀን ኳስ የመወርወር ውድድር ተደረገ፤ ያስሚን ወረወረች፤ ኳሱ መለኪያው ካለቀበት አልፎ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ የሒሳብ መምህሩን ብስክሌት ጣለው። ብስክሌቱን ያነሳው ኡርስ የሚባል ሰው ነበር፤ የቤዝቦል ክለቡ አሰልጣኝ። ብስክሌቱን አቁሞ ሳይጨርስ «ይህችን ክንድ የያዘችው ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። በሳምንቱ እቤታቸው ድረስ መጣ።

እኔ ለማስተርጎም ተጠርቼ ስለነበር ንግግሩን አስታውሰዋለሁ።

«ዱላ አለበት ይላሉ፣ እውነት ነው?» አሉ ጋሽ መሐመድሁሴን።

«አለበት» አለ ኡርስ።

«ማን ነው የሚመታው?»

«ኳሱ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ይሁን።»

ለሦስት ሳምንት ምንም አያውቁም ነበር። ያችን የሦስት ሳምንት ትሕትና ከነምስክር መዝግቤ ይዣለሁ፤ ምክንያቱም አልተደገመችም። ጨዋታውን ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፣ እኔም ያነበብኩት ማታውን ነው፦ ወርዋሪዋ ትወረውራለች፣ መቺው በዱላ ሊመታ ይሞክራል፣ ሦስት ጊዜ ከሳተ፣ ወይም ከጉልበቱ እስከ ደረቱ የመጣለትን ኳስ ካሳለፈ ይወጣል፣ ከመታ ይሮጣል። ጥሩ ወርዋሪ ያለው ቡድን ግማሹን ጨዋታ አሸንፏል። ራሳቸውን ነቀነቁ። በአራተኛው ሳምንት ሜዳ ስደርስ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የተጫወተውን ኡርስን ክንዱን ይዘው እያስረዱት ነበር።

«ነገሩ ሁሉ ያለው ወገብ ላይ ነው» ይሉታል። «እጅ ተላላኪ ነው። የሚያዘው ወገብ ነው።»

እውቀቱ ከየት መጣ? ጠየቅኳቸው። በወጣትነታቸው የፋብሪካቸው የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ተጫዋች እንዳይመስላችሁ፤ መረቡን ይወጥሩ ነበር። «ግን መረብ ወጣሪ ከሁሉም በላይ ያያል» አሉኝ። «አብሽር፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

«አብሽር፣ እኔ አውቀዋለሁ» የሚለውን ቃል እግዜር ለማንም ጎረቤት አይስጠው። ቧንቧዬ ሲያፈስ ሰምቼዋለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ሲዘገይ ሰምቼዋለሁ። ጥርሴን ላስነቅል ስል በሐኪሙ ደጃፍ በስልክ ሰምቼዋለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ጉዳይ መጣ። የእኛ ሕንፃ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ ለየቤተሰቡ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ይደርሰዋል። ስዊዘርላንድ የኖረ ሰው ያውቃል፤ እዚህ አገር በሰው የማጠቢያ ቀን ካልሲ ማስገባት ቤት ሰብሮ ከመግባት አይተናነስም። ጋሽ መሐመድሁሴን የማንንም ቀን አልነኩም። የራሳቸውን ቀን ልብስ ማጠቡን ትተው ፍራሽ ግድግዳው ላይ ሰቅለው ያስሚንን ያስወረውሯት ጀመር። ኳሱ ፍራሹን ሲመታ ሕንፃው በሙሉ ልብ ያለው ይመስል ድም ድም ይላል። የሕንፃው ጠባቂ፣ ስልሳን ያለፈ ቁጡ ሰው፣ ደንቡን በእጁ ይዞ ወረደ። እኔም ጠብ ለመገላገል ተከትዬ ወረድኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጠባቂው መጥረጊያውን በሁለት እጁ እንደ ዱላ ይዞ ፍራሹ ፊት ቆሞ ነበር፤ ጋሽ መሐመድሁሴንም ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ እንዲያደርግ እየነገሩት ነበር። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ሳይጠራ ይመጣል።

ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ታዲያ ስብከቱ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አይወሰንም። ባለቤታቸው ቅዳሜ አረጋውያን ቤት ስለሚሠሩ አይመጡም፤ መኪና ያለኝ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁለቱን ጭኜ እሄዳለሁ። ገና ከመኪና ሳይወርዱ ይጀምራሉ። በሦስት ቋንቋ ነው የሚጮኹት፤ ለልጃቸው በአማርኛ፣ ለዳኛው በጀርመንኛ፣ ለፈጣሪ በዓረብኛ። ጣታቸው መቁጠሪያ ላይ ነው። የስዊዝ እናቶች ሲያይዋቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ አንዷማ ቀርባ «ለቡድኑ እየጸለዩ ነው?» አለቻቸው። የሚቆጥሩት ግን ውርወራ ነበር። በልጆች ውድድር አንዲት ወርዋሪ በቀን ከሰባ አምስት በላይ መወርወር አይፈቀድላትም፤ ክንዷ ገና እያደገ ስለሆነ። ጸሐፊው በወረቀት ይቆጥራል፣ ጋሽ መሐመድሁሴን በመቁጠሪያ፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

«ሄር ዳኛ! ጉልበቱ ላይ ነው ያለፈው! ጉልበቱ ላይ! መነጽር ልስጥህ?»

«አባ፣ ቢተ፣ እባክህ!» ትላለች ያስሚን ከመሃል ሜዳ ፊቷን በጓንቷ ሸፍና። «ፓይንሊሽ ነው!» ፓይንሊሽ ማለት ሰው ፊት የሚያሳፍር ማለት ነው። ጋሽ መሐመድሁሴን ግን ትርጉሙን እስከ ዛሬ አላወቁም፤ የቤዝቦል ቃል ይመስላቸዋል።

በዚህ ዓመት ኡርስ ከአጥሩ ስድስት እርምጃ ራቅ አድርጎ መሬት ላይ ነጭ መስመር አሰመረ። ወላጆች ከዚህ አይለፉ ተባለ። ለሁሉም ነው የተባለው፤ ለማን እንደሆነ ያልገባው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሳቸው የጫማቸውን ጫፍ መስመሩ ላይ አሳርፈው ይቆማሉ፣ ከኋላቸው ላሉት ወላጆች ዞር ብለውም «ወደኋላ በሉ እንጂ፣ መስመር አለ» ይላሉ።

ግማሽ ፍጻሜው ዙሪክ ነበር። ያስሚን ዘጠኝ መቺ አከታትላ አስወጣች። ቤዝቦል የማይገባኝ እኔ እንኳ ተነስቼ አጨበጨብኩ። ፍጻሜው በሳምንቱ ጄኔቭ ሊሆን፣ ለታዳጊዎች ምርጥ ቡድን የክረምት ልምምድ ልጆች የምትመለምለው ሴትዮ ልታያት ልትመጣ መሆኑ ተሰማ። ጋሽ መሐመድሁሴን ያን ሳምንት መሬት አልረገጡም።

ኡርስ ግን ወደ ጎን ጠራኝ።

«ደጀኔ፣ ዳኞቹ ከስሰዋል» አለኝ። «ጄኔቭ ላይ የያስሚን አባት ለዳኛ አንዲት ቃል ከተናገሩ ከሜዳ ይባረራሉ፤ ቡድኑም ይቀጣል። አንተ በቋንቋችሁ ንገራቸው። እኔ ከነገርኳቸው ያስረዱኛል።»

ቃሉን ተሸክሜ ሳምንቱን ሙሉ ዞርኩ። ደረጃ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ስለ አየር ጠባይ አወራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጉዞ ጀመርን፤ እሳቸው ከፊት ሆነው ማርሽ መቼ እንደምቀይር እየነገሩኝ፣ ያስሚን ከኋላ ጆሮዋን ደፍና ሙዚቃ እየሰማች። ሎዛን አካባቢ ሐይቁ ብቅ ሲል፣ ከዚህ በላይ ብቆይ ጄኔቭ መድረሳችን ነው ብዬ ተናገርኩት።

ዓይናቸውን ከማርሹ ላይ አነሱ።

«ዳኛው ነው የከሰሰኝ?»

«ዳኞቹ።»

«ስንቶቹ?»

«ሁሉም ጋሼ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ። ዛሬ አፌን እዘጋለሁ። ወላሂ፣ ቃል አይወጣኝም።»

ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ። ሙዚቃ የምትሰማ መስሎን ነበር። «ዳንከ፣ ጋሽ ደጄ» ብላ አመሰገነችኝ ያስሚን።

ጄኔቭ ታናሽ እህታቸው ዙሀራ ትኖራለች፤ ኦ ቪቭ በሚባለው ሰፈር ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። አንድ ትልቅ ሳህን ሳምቡሳ ይዛ ሜዳው በር ላይ ጠበቀችን። ከእሷ ጋር ሆነን ከመስመሩ ኋላ ቆምን። መልማይዋ ሰማያዊ ኮፍያ አድርጋ፣ ሰሌዳ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር አጠገብ ተቀምጣለች። ጨዋታው ተጀመረ።

ጋሽ መሐመድሁሴን ዝም አሉ።

ይህን ዝምታ ለሁለት ዓመት ስመኘው ነበር። የሜዳው ዛፍ ሲንሿሿ፣ የልጆቹ ጫማ አሸዋውን ሲፍቅ፣ ለካ ቤዝቦል እንዲህ ድምፅ አለው አልኩ። አንድ ዙር ደስ አለኝ። ሁለተኛውም ደስ አለኝ። ሦስተኛው ላይ ግን መጠርጠር ጀመርኩ። ዳኛው ከጉልበት በታች ያለፈ የተጋጣሚያችንን ኳስ ልክ ነው አለ፤ እኔ እንኳ አየሁት። ቀና ብዬ ጋሽ መሐመድሁሴንን አየሁ። አልሰሙም። ዳኛውን አላዩትም። አኩርፈዋል ብዬ ደመደምኩ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው ብዬ ሳምቡሳ ዘረጋሁላቸው። ሳምቡሳውንም አላዩትም።

በአራተኛው ዙር አራት ለሦስት እየመራን ነው። የያስሚን ውርወራ ዝቅ ዝቅ ማለት ጀመረ። ደክሟት ነው አልኩ። ኡርስ ወደ ጫፍ የሮጠች ተጫዋች እየጠራ ነው፣ መልማይዋ እየጻፈች ነው፣ ዙሀራ ከአንዲት እናት ጋር ስለ ሳምቡሳው ሊጥ እያወራች ነው። ጋሽ መሐመድሁሴን መቁጠሪያቸው ላይ ጣታቸው ቆሟል።

«ጋሼ፣ ስንት ደረሰች?» አልኳቸው፣ ነገር ለማምጣት ያህል።

«ስልሳ አንድ» አሉ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ መስመሩን አለፉ።

ተንደርድረው ቢሆን ኖሮ እይዛቸው ነበር። ግን ሰው ወደ ቤቱ እንደሚገባ ነው በእርጋታ ያለፉት። የአጥሩን በር ከፍተው ሜዳው ውስጥ ገቡ።

«ጋሼ! ኧረ በአላህ!» ዙሀራ ሳህኑን ጣለችው።

«ሙስዩ! ሙስዩ!» ዳኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨዋታውን አስቆመ። ኡርስ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። እኔ ከኋላቸው እየሮጥኩ በልቤ ይቅርታውን በሦስት ቋንቋ እያዘጋጀሁ ነበር። ጋሽ መሐመድሁሴን ግን ዳኛውን እንደ እንጨት አልፈውት ሄዱ፤ መሃል ላይ ኡርስ ደረሰባቸው።

«ሽሉስ፣ ኡርስ» አሉት። «ይበቃታል። አስወጣት።»

«ገና አሥራ አራት ውርወራ ይቀራታል እኮ» አለ ኡርስ።

«አውቃለሁ፣ እኔም ቆጥሬያለሁ። ሒሳቡ ልክ ነው። ክርኗ ግን ሒሳብ አያውቅም።»

ያስሚን ከቆመችበት ጉብታ ላይ ጮኸች። «አባ! ናይን! ምን ታደርጋለህ? ውጣ!»

«የኔ ልጅ፣ ነይ እንሂድ።»

«ሴትዮዋ እያየች ነው! ሴትዮዋ እያየችኝ ነው አባ!»

«ትይ።»

ኡርስ ጎንበስ ብሎ ያማት እንደሆነ ጠየቃት። «ናይን፣ አያመኝም» አለች፣ ቶሎ። በጣም ቶሎ።

ጋሽ መሐመድሁሴን ጉብታው ፊት ቁጢጥ አሉ፤ አሁን እሷ ከላይ ናት፣ እሳቸው ከታች። ድምፃቸውን እንዲህ ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ከረቡዕ ጀምሮ ሻይ በግራ እጅሽ ነው የምትጠጪው» አሏት። «ጠየቅኩሽ፣ ኖርማል ነው አልሽኝ። እሺ። አሁን ክንድሽን ቀጥ አድርጊና አሳዪኝ። ቀጥ ካለ እኔ ወጥቼ እሄዳለሁ፣ ዳኛውም ያባርረኝ፣ ሁለተኛ ሜዳ አልመጣም።»

ሜዳው በሙሉ ያያል። ያስሚን ቀኝ ክንዷን ዘረጋች። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሞከረች። እዚያው ቆመ። ኳሱ ከእጇ ወደቀ። አባቷ ደረት ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ዳኛው የፊት መከላከያውን አወለቀ። አሁን ያባርራቸዋል አልኩ። ያስሚንን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ኳሱን ከመሬት አንስቶ አቧራውን በሱሪው ጠረገው። «ጊዜ ውሰዱ» አለ።

በያስሚን ቦታ ሶልያና ገባች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፣ የዲቲኮን፤ ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ሆና ስለተቀመጠች ጫማዋ እንኳ አልቆሸሸም። ፈርታለች። ጋሽ መሐመድሁሴን ልጃቸውን አቅፈው በአጠገቧ ሲያልፉ አፋቸውን ከፈቱ። ስለ ወገብ ሊነግሯት ነው አልኩ። መልሰው ዘጉት። «ጎበዝ» ብቻ ብለዋት አለፉ።

የጨዋታውን መጨረሻ አላየንም። ወደ ሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነዳሁ። ፈረንሳይኛ የምትችለው ዙሀራ ናት፤ ስም አስመዘገበች፣ ያስሚንን ለራጅ ወሰዷት፣ ዙሀራም አብራት ገባች። ሁለታችን ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት። ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ የተሳለ ቀጭኔ ነበር። ጋሽ መሐመድሁሴን ስለ ቀጭኔው አንዳች አስተያየት አልሰጡም። የሁኔታውን ክብደት የተረዳሁት ያኔ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ ነው እርስዎ?»

«ረቡዕ አይቻለሁ። ሐሙስም አይቻለሁ። ኖርማል ነው ስትለኝ፣ ቃሉን ወደድኩት። ለምን ወደድኩት? ባለ ኮፍያዋ ሴትዮ እንድታይልኝ ስለፈለግሁ። ልጄ አይደለችም የደበቀችው ደጀኔ፣ እኔ ነኝ ዓይኔን የጨፈንኩት።»

«ዛሬ ግን ከፈቱት» አልኩ።

ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ጆሯቸው አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ልክ እንደ ያስሚን ክርን። «ይህች እጅ ከዚህ በላይ አትሄድም» አሉኝ። «በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን አነሳ ነበር። አንድ ቀን ትከሻዬ ቀጭ አለ። ውሌ የሦስት ወር ነው፣ ካወቁ አያድሱልኝም ብዬ ለማንም ሳልናገር አራት ወር አነሳሁበት። ስቄ አነሳሁበት። ሐኪም ጋ ስሄድ ዘግይተሃል አለኝ። ፎርክሊፍቱን የምነዳው ወድጄ ይመስልሃል?»

ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሲጮኹ የሚያወዛውዙት ግራ እጃቸውን ብቻ መሆኑን አንድም ቀን አላስተዋልኩም። ሰው ብዙ ሲያወራ፣ ያላወራው ነገር ያለ አይመስለንም።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዓይኑ ሥር የሌሊት ተረኝነት ድካም ይዟል። ከጎኑ ዙሀራና ያስሚን፤ የያስሚን ክንድ በነጭ ጨርቅ አንገቷ ላይ ታስሯል። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ዙሀራ መተርጎም ጀመረች፦

«አልሐምዱሊላህ!»

«እሱ ነው ያለው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ ያልኩት! ቆይ፣ ልንገራችሁ። አልተሰበረም። ጅማቱም አልተበጠሰም። ገና የሚያድገው የአጥንቱ ጫፍ ነው የተቆጣው። አሥር ሳምንት ምንም አትወረውርም፣ ከዚያ ቀስ በቀስ። ለፀደይ ትደርሳለች፣ ይድናል ነው የሚለው።» ሐኪሙ ጨመረ። የዙሀራ ድምፅ ወረደ። «ሌላ ሃያ ብትወረውር ኖሮ ግን በቀዶ ጥገና ነበር የምናወራው ይላል።»

ጋሽ መሐመድሁሴን ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ። ስልካቸውን አውጥተው ባለቤታቸው ጋ ደወሉ። እኚህ ሰው ሰላምታቸው ብቻ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ናቸው፤ ዛሬ ግን ስልኩ እንደተነሳ «ደህና ናት!» አሉ። «ደህና ናት፣ ደህና ናት። አይ፣ ምንም አልሆነችም፤ ደህና ናት ስልሽ!» ባለቤታቸው ለካ የተፈጠረውን ነገር ጭራሽ አልሰሙም ነበር። ለማስረዳት ሌላ ሩብ ሰዓት ፈጀ። እያስረዱ እንባቸው ይወርዳል፣ እያለቀሱ ይስቃሉ።

እኔም ርሃብ የሚባል ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ።

ስልኩን ሲዘጉ ያስሚን አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። «ተናድጄብሃለሁ» አለቻቸው።

«ተናደጂ።»

«ብዙ ነው የተናደድኩት።»

«እሺ።»

ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች። «አሁንም ተናድጃለሁ አባ።»

«እሺ የኔ ዓለም። ስትጨርሺ ንገሪኝ።»

ኡርስ የመጣው በዚህ መሃል ነው፤ የቡድኑን ሚኒባስ ውጭ አቁሞ፣ ከነአሸዋማ ጫማው። ክንዷ እንደሚድን እስኪሰማ ድረስ መተንፈስ አልቻለም። ከሰማ በኋላ የጋሽ መሐመድሁሴንን እጅ ያዘ።

«እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ» አላቸው። «አሰልጣኟ እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

«አንተ አሥራ ሁለት ልጅ ታያለህ» አሉት። «እኔ የማየው አንዲት ነው።»

«ተሸነፍን?» አለች ያስሚን።

«በአንድ። ስድስት ለአምስት። ግን ሶልያና በመጨረሻው ዙር ሦስቱንም መቺዎች አከታትላ አስወጣች።»

«ሦስቱንም? ሶልያና?» ያስሚን ብድግ አለች። መቅናትና መደሰት አንድ ፊት ላይ ተጋፉ፤ መደሰቱ በለጠ። «ያቺ ውሸታም! አልችልም ትል ነበር እኮ!»

ኡርስ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። መልማይዋ ናት የላከችው። ያስሚን ለክረምቱ ልምምድ ትምጣ፤ አትወረውርም፣ ትሮጣለች፣ ታያለች፣ ትማራለች ይላል። ከታች በእጇ ጽፋለች፦ «አባትሽንም ላገኛቸው እፈልጋለሁ።» ይህን የመጨረሻውን መስመር ኡርስ አንብቦ ትንሽ ሲስቅ አየሁት። ሴትዮዋ ምን እየጠራች እንደሆነ አላወቀችም።

ከዚያ ኡርስ ወደ እኔ ዞሮ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ላንተም እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። «ልጅህ ዛሬ ድንቅ ነበረች።»

«የትኛዋ ልጄ?»

«ሶልያና ናታ።»

«ሶልያና የእኔ ልጅ አይደለችም።»

ኡርስ ደነገጠ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ መስለኸኝ! ከእሷ ጋር አማርኛ ታወሩ የለ? ታዲያ ያንተ የትኛዋ ናት?»

«የለኝም። ልጅ የለኝም ኡርስ። አላገባሁም። እውነቱን ንገረኝ ካልክ፣ ቤዝቦልም ብዙ አይገባኝም።»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በዚያ ብርድ፣ ምን ልታደርግ ትመጣለህ?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። የመኪናው ነገር ነው ልል አስቤ፣ ከሽሊረን በየአሥራ አምስት ደቂቃው ባቡር እንዳለ ትዝ አለኝ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሐኪሙ የራጁን ምስል መብራት ላይ አድርጎ ይዞታል። ጋሽ መሐመድሁሴን አጠገቡ ቆመዋል፤ ግራ እጃቸው ከፍ ብሎ አጥንቱን በጣት እየተከተለ ነው፣ ድምፃቸው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀጭኔው አንገት በላይ ወጥቷል።

«ዙሀራ፣ ንገሪው እንጂ! ሲያነሳት ትንሽ ወደ ጎን አዙሯት ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ይታይ ነበር በዪው!»

«አልለውም! ሐኪም ነው እኮ ጋሼ!»

«በዪው ግድ የለም፣ ይማርበታል!»

«እሳቸውን ልሰማ ነው የምመጣው» አልኩት ኡርስን።